ከስሜ የቀደመ ፊደል

በምግብ ፋብሪካው የተቀጠርኩ ዕለት ስሜን ከመጠየቃቸው በፊት ዕድሜዬን ጠየቁኝ። ሃያ አንድ አልኩ። የክፍል ኃላፊው ካሪያ ስለ እኔ የተጻፈውን ወረቀት ሳያነበው አጠፈና፣ "አሃ፣ ዜድ ትውልድ" አለ። ከዚያ ወዲያ ወረቀቱ ምን ያደርግለታል? ጋዜጣና ቴሌቪዥን በእኔ ዕድሜ ስላለ ሰው ሁሉ ቀድመው ነግረውት ጨርሰዋል።

ወረቀቱን ቢያነበው ኖሮ ኡሱይ ቺጉሳ እንደምባል ያይ ነበር። ዩኒቨርሲቲ እንዳልረገጥኩ፣ የምግብ ንጽሕና ፈተናውን ግን ማንም ሳያስተምረኝ፣ ማኤባሺ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብዬ አጥንቼ እንዳለፍኩም ያይ ነበር። ካሪያ ያንን ፈተና ሦስት ጊዜ ነው የወደቀው። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው፤ እንደ ጀብዱ።

ዜድ የሚለው ቃል በየቀኑ እንዴት እንደሚያገለግላቸው ለመረዳት ብዙ ጊዜ አልፈጀብኝም። በሰዓቱ ከወጣሁ ዜድ ስለሆንኩ ነው። ቆይቼ ከሠራሁ "ዜድ ሆና እንኳ" ይባልልኛል። ስጠይቅ፣ ዜድ ምክንያቱ ካልተነገረው አይንቀሳቀስም፤ ዝም ስል፣ ዜድ ከሰው ጋር መነጋገር አይችልም። አንድ ቀን አስነጠሰኝና ካሪያ ምን እንደሚል ለማወቅ ቀና ብዬ ጠበቅሁት። አላሳፈረኝም። "እናንተ አቧራ አታውቁም" አለኝ።

ከሁሉ የሚያቅለሸልሸኝ ግን ምስጋናው ነበር። የግማሽ ቀን ስልጠና ልከውት፣ ዜድን ከመገሠጽ በፊት ሦስት ጊዜ ማመስገን ይገባል የሚል ትምህርት ይዞ ተመልሷል። ስለዚህ ወደ እኔ ሲመጣ ከንፈሩ እየቆጠረ፣ ከስሜ ኋላም የአክብሮቱን 'ሳን' እየቀጠለ ይመጣል።

"ኡሱይ-ሳን፣ ጓንትሽ ንጹሕ ነው። ጸጉርሽ በደንብ ተሸፍኗል። በጊዜ መጥተሻል። ወለሉ ግን ያዳልጣል።"

ስኳር የተቀባ ጥፊ ይመስላል። ጥፊውን ብቻ ቢሰጠኝ እመርጥ ነበር።

የማኅተሙ ነገር የመጣው በሁለተኛው ወር ነው። የማቀዝቀዣ ክፍሎቹን ሙቀት የምመዘግበው እኔ ነኝ። በወረቀቱ ግርጌ ሦስት ትንንሽ ሣጥኖች አሉ፤ በቀኝ ጫፍ የእኔ፣ መካከሉ የካሪያ፣ በግራ ጫፍ የፋብሪካው ኃላፊ የቶኪዛዋ። እያንዳንዳችን የየስማችንን ቀይ ማኅተም እንመታለን። ማኅተሞቹ ቢሮ ውስጥ፣ ክዳን በሌለው የብስኩት ቆርቆሮ ነው የሚቀመጡት። ካሪያ የመጀመሪያዎቹን ወረቀቶቼን ይዞ መጣ።

"ቁጥርሽ ግልጽ ነው። ጽሑፍሽ ያምራል። ሰዓቱንም አልዘለልሽም። ማኅተምሽ ግን ቆሟል።"

"መቆም የለበትም?"

"ትንሽ ዘንበል ይበል። ወደ ግራ። ወደ እኔ።"

"ለምን?"

"ይኸው፣ ለምን።" ጣቱን አወዛወዘ። "ሕግ አይደለም። ስሜት ነው። የእኔም ወደ ኃላፊው ዘንበል ይላል፣ እይው። ለአለቃ ሰላምታ መስጠት በይው።"

"ማኅተም ወገብ የለውም፣ ካሪያ-ሳን። ሰላምታውን ጠዋት ስገባ ሰጥቻለሁ።"

"ዜድ፣ ዜድ" አለና እየሳቀ ሄደ። እኔም ቀጥ አድርጌ መምታቴን ቀጠልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ።

ዜድ የሚለውን ቃል ዘር የነገሩኝ ሃናዋ-ሳን ናቸው። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ አርባውን እዚያ ፋብሪካ ቆመው ጨርሰውታል። ምሳ ላይ በልብስ መቀየሪያው ክፍል አግዳሚ ወንበር ላይ አጠገቤ ተቀምጠው የሩዝ ድብልብላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ "አይክፋሽ" አሉኝ። "ካሪያ ራሱ ሲመጣ 'ዩቶሪ' ነበር ስሙ።"

"ትምህርት የተቀነሰላቸው የሚባሉት?"

"እነሱ። ትምህርት ተቀንሶላቸው፣ ቅዳሜ ተዘግቶላቸው፣ ጭንቅላታቸው ላልቶ የቀረ ነበር የሚባሉት። ክብ ስትለኪ የምታባዢበትን ቁጥር እንኳ ሦስት ብቻ ብለው ነው ያስተማሯቸው ተባለ፤ ከነጥብ በኋላ ያለውን ቆርጠው። ውሸት ነው፤ ግን ማን ያጣራል? ቶኪዛዋ እዚያ ማዶ ቆሞ፣ ሰው ሁሉ በሚሰማበት፣ 'ካሪያ፣ ክቡ ስንት ነው?' እያለ ይጮህ ነበር።"

"ካሪያስ?"

"'ሦስት ነጥብ አንድ አራት' ብሎ ይጮሃል። በየቀኑ። ሰው ይስቃል። ከዚያ ጠርሙስ ማጠቢያው ጋ ይሄድና ቧንቧውን ከፍቶ ያለቅሳል። ውኃው ድምፁን የሚደብቅለት መስሎት።" ሩዛቸውን ገመጡ። "ጠርሙስ የማጥበው እኔ ነበርኩ።"

"ቶኪዛዋስ ምን ነበር?"

"'አዲሱ የሰው ዘር።' እሱ የተቀጠረ ጊዜ ጋዜጣው ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚላቸው። ከሥራ በኋላ አለቃው መጠጥ ሲጋብዘው ቀጠሮ አለኝ ብሎ ቤቱ ሄደ። ይኸው ነው ጥፋቱ። ከዚያ ወዲያ የድሮው ኃላፊ ባገኘው ቁጥር፣ 'እናንተ ሩዝ ትበላላችሁ ወይስ ባትሪ ነው የምትጎርሱት?' ይለው ነበር።"

"እርስዎስ ምን ይባሉ ነበር?"

"እኔማ ሴት ነበርኩ" አሉ ሃናዋ-ሳን። "ሌላ ስም አላስፈለጋቸውም።"

በዱላ የተመታ ሰው ዱላውን ሲያይ ያውቀዋል ብዬ አስብ ነበር። እነዚህ ግን አወቁት፤ አውቀውም በእጃቸው ልክ አደረጉት። አንዱ አኝኮ የተፋውን ማስቲካ ሌላው ተቀብሎ ያኝካል፣ ከዚያ ለሚቀጥለው ያቀብላል። ጣዕሙ ካለቀ ስንት ዓመቱ። አሁን ደግሞ አፍሽን ክፈቺ ይሉኛል።

ነገሩ የፈነዳው በመስከረም፣ በአረጋውያን ክብር ቀን ነው። በዚያ ቀን ከከተማው ዳር ላለ የአረጋውያን መኖሪያ ሁለት መቶ አሥር ምሳ እንልካለን፤ በቀይ ባቄላ የተቀቀለ ሩዝ፣ የድንች ሰላጣ፣ የተጠቀለለ እንቁላል። ሰላጣውንና እንቁላሉን እሑድ አዘጋጅተን ማቀዝቀዣ ቁጥር ሁለት ውስጥ አስገባናቸው፤ አራት ሳፋ ሰላጣ፣ ሁለት ሣጥን እንቁላል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሩን ስዘጋ ክፍሉ አራት ዲግሪ ነበር።

ሰኞ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት በሩን ስከፍተው የሰው ትንፋሽ ፊቴን መታኝ። ሞቃት፣ እርጥብ፣ እንቁላል እንቁላል የሚል ትንፋሽ። ሞተሩ ቆሟል። በየትኛው ሰዓት እንደቆመ የሚያውቅ የለም። ግድግዳው ላይ ያለው መለኪያ አሥራ ዘጠኝ ይላል። የሳፋውን ክዳን ሳነሣ ድንቹ ውኃውን ተፍቶ፣ ማዮኔዙ ቢጫ ዘይት አውጥቶ፣ በስሱ የተቆረጠው ኪያር በመካከሉ እንደ ጥፍር ቁርጥራጭ ነጥቶ ተኝቷል። የእጅ መለኪያዬን ሰላጣው መሃል ድረስ ሰካሁት። አሥራ ስምንት።

ካሪያ ሲደርስ ሁሉንም ነገርኩት።

"አራቱም ሳፋ ይጣል። እንቁላሉም። በእነዚህ ቁጥሮች የሚከራከር ሰው የለም።"

ጓንት ሳያደርግ ጣቱን ሳፋው ውስጥ ነክሮ ላሰ። ከዚያ እንደገና ነከረ፣ ያንኑ ጣት። "አልኮመጠጠም" አለ።

"የሚያሳምም ሁሉ አይኮመጥጥም።"

"ኡሱይ-ሳን። ቀድመሽ መጥተሻል። በጥንቃቄ ለክተሻል። በሩንም—"

"ምስጋናውን ይዝለሉትና ወደ ነገሩ ይግቡ።"

ፊቱ ትንሽ ቀላ። "የመጨረሻው መኪና በአራት ሰዓት ይወጣል። ሁለት መቶ አሥር ሰላጣ ከየት አመጣለሁ? የበዓል ቀን ነው፤ ሱቁ ሁሉ ወረፋ ነው። ደግሞ አንድ ቀን ነው።"

"እዚያ ቤት በዕድሜ ትንሹ ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው። ለእነሱ አንድ ቀን ይበቃል።"

"እንዲህ የምትደነግጪው ስሕተት ስለምትፈሩ ነው። ስልጠናው ላይ ተነግሮናል፤ ዜድ መሳሳት ያስፈራዋል፣ የሚያረጋጋው ሰው ይፈልጋል። ተረጋጊ። ኃላፊነቱ የእኔ ነው።"

"እንግዲያው ወረቀቱን በስምዎ ይጻፉት።"

"መዝጋቢዋ አንቺ ነሽ" አለ።

"እኔ ከጻፍኩ አሥራ ዘጠኝ ብዬ ነው።"

ባዶውን ወረቀት ከእጄ ቀስ ብሎ ወሰደው፤ ከሕፃን ቢላዋ እንደሚወስድ ሰው። "አምስት ደቂቃ ዕረፊ። ሻይ ጠጪ። ዓለም አይጠፋም።"

ሻይ አልጠጣሁም። ወደ ቶኪዛዋ ቢሮ ሄድኩ። ከማምረቻው ለመውጣት ቦቲ መቀየር፣ ካባ መስቀል፣ እጅ እስከ ክርን መታጠብ ግድ ነው፤ እኔም አንዱንም አልዘለልኩም። ካሪያ ሁሉንም ዘሎታል። ደረጃውን ስወጣ እሱ በቦቲው እየወረደ አገኘሁት፤ ደረጃው ላይ የማዮኔዝ ዱካ ትቶ። ዓይኔን አላየም።

ቶኪዛዋ በትንሽ መቀስ የአፍንጫውን ጸጉር እየቆረጠ ነበር። ቁርጥራጩ ፊቱ በተዘረጋው ወረቀት ላይ ይወድቃል። ወረቀቱ የእኔ ነው፤ የዚያን ቀን የሙቀት መዝገብ። ማቀዝቀዣ ቁጥር ሁለት፣ አራት ዲግሪ። በቀኝ ሣጥን "ኡሱይ" የሚል ቀይ ማኅተም፤ ቀለሙ አልደረቀም።

ወደ ግራ ዘንበል ብሏል። በሚያምር፣ በለመደ አጎነባበስ።

እስቲ አስቡት። ካሪያ የሰው ስም ለመስረቅ እጁ አልተንቀጠቀጠም፤ የበታችን ማኅተም ቀጥ አድርጎ መምታት ግን አልሆነለትም። ዐሥራ አራት ዓመት የጎነበሰ እጅ፣ ወንጀል ሲሠራም ይጎነብሳል።

"ይህ የእኔ አይደለም" አልኩ።

"ስምሽ አይደለም እንዴ?"

"ስሜ ነው። የመታሁት ግን እኔ አይደለሁም። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አዘንብዬ መትቼ አላውቅም። ፋይሉ ኋላዎ አለ፣ አውጥተው ይዩት።"

አወጣው። ይህን ልመስክርለት፤ አውጥቶ አየ። ገጽ ገለጠ፣ ሌላ ገለጠ፣ ምላሱን በጣቱ እየነካ። ቀጥ ያለ፣ ቀጥ ያለ፣ ቀጥ ያለ። ፋይሉን ዘጋና ፈገግ አለ።

"ይገርማል። ዜድ እንዲህ ያለችውን ጥቃቅን ነገር ያያል።"

"ክፍሉ አሥራ ዘጠኝ ነው።"

"ካሪያ ነግሮኛል።"

"ነግሮዎታል?"

"ኡሱይ፣ የእናንተ ትውልድ ንጽሕና ይወዳል። ጥሩ ነው። ወንዶቻችሁ እንኳ ቅንድባቸውን ይቀነደባሉ። እኛ ወለል ላይ የወደቀውን አራግፈን እየበላን ነው ያደግነው። እነዚያ ሽማግሌዎችም ጦርነት ያለፉ ናቸው፤ በድንች አይሞቱም።"

"የሚበሉት እርስዎ አይደሉም።"

"አየሽ፣ ይሄ ነው ዜድ" አለ፤ መቀሱን አንሥቶ ወደ አፍንጫው ተመለሰ።

ነገሩ የገባኝ እዚያ ቆሜ ነው። እስከዚያች ደቂቃ ቃሉን የስንፍና ምልክት አድርጌ ነበር የምቆጥረው፤ ሰውን አንድ በአንድ ማወቅ የሚሰለቸው ሰው የሚጠቀምበት ምልክት። ስንፍና ቢሆን በወደድኩ። ይህ ሰው ሰምቶኛል፣ አምኖኛል፣ ፋይሉን አገላብጦ አረጋግጧል። ከዚያ በኋላ ነው ዜድ ያለው። ቃሉን የሚያወጡት የሚወረወርበት ሰው ልክ ሲሆን ነው። አሥራ ዘጠኝ ያልኩት ማቀዝቀዣው አሥራ ዘጠኝ ስለሆነ አይሆንም፤ ሃያ ሦስት ዓመቴ ስለሆነ ይሆናል። ካደግሁ ይለቀኛል።

ወረድኩ። ቦቲዬን አጥልቄ፣ እጄን ታጥቤ ገባሁ። ሁለቱ የእንቁላል ሣጥኖች ቦታቸው ላይ የሉም። ሃናዋ-ሳን ሩዝ እያሰናዱ፣ "የመጀመሪያው መኪና ይዟቸው ሄደ፤ ካሪያ ነው ያስጫነው" አሉኝ። ሳፋዎቹ ግን ገና ነበሩ፤ ወደ ትንንሽ ትሪ ይከፋፈላሉ።

የመጀመሪያውን ሳፋ ጠርዙን ይዤ ወደ ቆሻሻ በርሜሉ ጎተትኩት። አሥራ ሁለት ኪሎ ነው፤ ብቻዬን ማንሳቱ ከበደኝ። ስለዚህ እጄን እስከ ክርኔ ከትቼ ማውጣት ጀመርኩ። ለብ ያለ ነበር። የሚያንሸራትት፣ የሚለጠፍ፣ በጓንቱ አፍ እየገባ ጣቶቼ መካከል የሚላወስ። ሃናዋ-ሳን ለትንሽ ጊዜ አዩኝ። ጭልፋቸውን አስቀምጠው በርሜሉን በእግራቸው ገፍተው አስጠጉልኝና የሳፋውን ሌላኛ ጠርዝ ያዙ።

"ወገብሽን ትሰብሪያለሽ እንዲህ" አሉ። "በጉልበትሽ አንሺ።"

ሦስቱን ደፋን። ማንም መልሶ እንዳይጨልፈው የወለል ሳሙና ቸለስኩበት። አራተኛውን ስናነሣ ካሪያ እየሮጠ መጥቶ ጠርዙን ያዘ። እኔ ሳብኩ፣ እሱ ሳበ። እጁ አዳለጠውና ሳፋው ሱሪው ላይ ተገለበጠ፤ ከቀበቶው እስከ ቦቲው አፍ።

"ምን እላቸዋለሁ?" አለ። የተናገረው ለእኔ አልነበረም። ድምፁ ቀጥኗል፤ ቧንቧ ከፍቶ የሚያለቅሰውን ልጅ በዓይኔ አየሁት። ላዝንለት አንድ ትንፋሽ ነበር የቀረኝ። "ከዜድ ጋር መሥራት..." አለ፤ ሐዘኔን መለስኩት።

ቶኪዛዋ ሁለታችንንም አስጠራን። ቢሮው ስንገባ ስልክ ላይ ነው፤ ከአረጋውያኑ መኖሪያ ጋር።

"አይ፣ አይ፣ ምግቡ ምንም አልሆነም። አንዲት ልጅ ሳፋውን ገለበጠችብን እንጂ። አዎ፣ ዜድ ናት።" ሳቀ። "እናንተም ጋ አሉ? እንግዲያው ምን እነግርዎታለሁ፣ ያውቁታል። በሰላጣው ፋንታ የታሸገ መንደሪን እልካለሁ። እንቁላሉ ግን መንገድ ላይ ነው፤ እሱን እንደ ደረሰ ማቅረብ ይችላሉ።"

ከወዲያኛው ጫፍ የሴት ሳቅ ይሰማል። ሞቅ ያለ፣ የሚያዝን ሳቅ፤ አንድ ዓይነት ችግር የደረሰባቸው ሁለት ሰዎች የሚሳሳቁት። ማቀዝቀዣው ደህና ሆነ፣ ወረቀቱ ደህና ሆነ፣ እንቁላሉ ደህና ሆነ። የተበላሸው እኔ ብቻ ነኝ፤ ለእኔ ደግሞ ስም ተዘጋጅቶልኛል።

እጄን ዘርግቼ የስልኩን እጀታ ያዝኩ። የቶኪዛዋ እጅ ገና እዚያው ላይ ነበር። ጓንቴን አውልቄያለሁ፤ እጄ ግን እስከ ክርኔ ድረስ የሚያጣብቅ፣ ዘይት የተቀባ፣ የድንች ፍርፋሪ የተጣበቀበት ነው። ጣቶቼ ጣቶቹን ሲነኩ ፊቱ ተኮማተረና እንደ ተቃጠለ ሰው ለቀቀው። ያንን ለሁለት መቶ አሥር ሰው ሊያጎርስ የነበረ ሰው ነው።

እጀታው በትንፋሹ ሞቋል። ጆሮዬ ላይ ማድረጉ አስጠላኝ፤ አደረግሁት።

"ኡሱይ ቺጉሳ እባላለሁ። የሙቀት መዝጋቢዋ ነኝ። ማቀዝቀዣችን ቆሞ አድሯል፤ ጠዋት አሥራ ዘጠኝ ዲግሪ ነበር። በመኪናው የሚመጣላችሁ እንቁላል እዚያ ውስጥ ነው ያደረው። እንዳታቀርቡት።"

"አንቺ ነሽ ሳፋውን የገለበጥሽው?" የሴትየዋ ድምፅ ውስጥ ሳቁ ገና አልወጣም።

"አዎ። ሆን ብዬ።"

ከጀርባዋ ሳህን ይንኳኳል፤ አንድ ሽማግሌ ሙዚቃው እንዲቀነስለት ይጮኻል።

"ስንት ዲግሪ ነው ያልሽኝ?"

"አሥራ ዘጠኝ። ስንት ሰዓት እንደቆየ አናውቅም፤ ምናልባት አሥራ ሦስት።"

"ቆይ፣ እስክሪብቶ ላምጣ።"

ጠበቅሁ። ቶኪዛዋ ጣቶቹን በወረቀት መሀረብ አንድ በአንድ ይጠርግ ነበር። ወደ እኔ ሳያይ ለካሪያ፣ "ከእንግዲህ ከአርባ በታች የሆነ አትቅጠርብኝ" አለው።

ካሪያ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ሰላጣው ከሱሪው ወደ ምንጣፉ እየተንጠባጠበ፣ "እሺ" አለ።

"መኪናው አሁን ገባ" አለች ሴትየዋ በስልኩ። ድምፅዋ ተለውጧል፤ የሚጻፍ ነገር ያለው ሰው ድምፅ ሆኗል። "እንዳያወርዱት ተናግሬያለሁ። ሣጥኖቹ ስንት ናቸው?"

"ሁለት" አልኩ።